ቢ ቫይታሚን፦ ከመሶብ ወይስ ከፋርማሲ? ለማን የቱ ይሻላል

«ድካም ድካም ይለኛል፣ ቢ ኮምፕሌክስ አለ?»

ከአያት ወዲያ ባሉት ሰፈሮች፣ በየካ አባዶም ሆነ በለገጣፎ፣ ፋርማሲ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይህን መስማቱ አይቀርም። ኪኒኑ ርካሽ ነው። ማዘዣ አይጠየቅበትም። «ቫይታሚን ምን ጉዳት አለው» እየተባለ ሁሉም ይወስደዋል። ነገር ግን ኪኒኑ ውስጥ ካሉት ቫይታሚኖች አብዛኞቹን ሰውየው ምሳው ላይ በልቷቸዋል። በእውነት የጎደለው ቫይታሚን ካለ ደግሞ እሱ ኪኒኑ ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ቢ ቫይታሚኖች ስምንት ናቸው። ስድስቱን ደህና የሚበላ ሰው ከቤቱ ማዕድ ያገኛቸዋል። ሐሳብም ገንዘብም ሊወጣባቸው የሚገባው ሁለቱ ናቸው፦ ቢ12 እና ፎሌት። የቱን ከምግብ፣ የቱን ከፋርማሲ እንደምታገኙ ስትመርጡ መነሻችሁ ድካማችሁ አይሁን። ዕድሜያችሁን፣ ጾማችሁን፣ እርግዝናን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ተመልከቱ። ድካም ከብዙ ነገር ይመጣል፤ ከብረት ማነስ፣ ከስኳር፣ ከታይሮይድ፣ ከእንቅልፍ ማጣት። ማታ ማታ መገናኛ ላይ ታክሲ ሲጋፋ የሚያመሽ ሰው ቢደክመው ምክንያቱን ቫይታሚን ውስጥ መፈለግ አይጠበቅበትም።

ስምንቱ እነማን ናቸው

ቢ1 ታያሚን፣ ቢ2 ራይቦፍላቪን፣ ቢ3 ናያሲን፣ ቢ5 ፓንቶቴኒክ አሲድ፣ ቢ6 ፓይሪዶክሲን፣ ቢ7 ባዮቲን፣ ቢ9 ፎሌት፣ ቢ12 ኮባላሚን። ቁጥሩ እየዘለለ የሚሄደው መጀመሪያ ቫይታሚን ተብለው ኋላ ላይ ከዝርዝሩ የተሰረዙ ስላሉ ነው።

በጥቅሉ ሥራቸው ምግብን ወደ ጉልበት መለወጥ፣ ደም መሥራትና ነርቭን መጠበቅ ነው። ራሳቸው ግን ጉልበት አይሰጡም። ጉድለት የሌለበት ሰው ተጨማሪ ስለዋጠ አይበረታም። በውሃ የሚሟሙ በመሆናቸው ትርፉ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ኪኒን በወሰዳችሁ ቀን ሽንታችሁ ደማቅ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፤ ቢ2 ነው። ቢ12 ግን ከሌሎቹ ይለያል። ጉበት ውስጥ ለዓመታት ይጠራቀማል። ስለ ጾም ስናወራ ይህን አስታውሱት።

ጤፍ፣ ሩዝ፣ ፉርኖ

ስለ ቢ1፣ ቢ3 እና ቢ6 ብዙ መጨነቅ የሌለብን በጤፍ ምክንያት ነው። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነች ገለባዋን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ነጭም ሆነ ቀይ ጤፍ ሲፈጭ ከነሙሉ ፍሬው ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 0.4 ሚሊግራም ገደማ ቢ1፣ ከ3 ሚሊግራም በላይ ቢ3፣ ወደ ግማሽ ሚሊግራም ቢ6 አለ። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ቢ1 ከ1.1 እስከ 1.2 ሚሊግራም፣ ቢ6 ደግሞ 1.3 ሚሊግራም ነው። ሲጋገር ጥቂት ቢቀንስም፣ ጠዋትና ማታ እንጀራ የሚበላ ሰው የድርሻውን ትልቁን ክፍል ከዚያው ያገኛል።

ጤፍ ሲወደድ ብዙ ቤት ሩዝ ይደባልቃል። ሆድ ይሞላል፣ እንጀራውም ነጣ ይላል። ነገር ግን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ቢ1 የለውም ማለት ይቻላል። ኤይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ጃቫ ደሴት ላይ ያየው ይህንኑ ነበር። የተፈተገ ሩዝ ብቻ የበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ያልተፈተገውን ሲበሉ ዳኑ። በዚህ ሥራው በ1929 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ስለዚህ መደባለቅ ግድ ከሆነ ከሩዝ ይልቅ ማሽላ ወይም ገብስ ይሻላል ባይ ነኝ። በቆሎም ከሩዝ ይሻላል፤ ቢሆንም ቢ3ው እንደታሰረ ስለሚቀርና ሰውነት በቀላሉ ስለማያገኘው በቆሎ ብቻውን የቤቱ ዋና እህል ባይሆን ጥሩ ነው።

ፉርኖ ዳቦና ፓስታ መሐል ላይ ናቸው። በአገራችን የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ (በፋብሪካ የሚሠራው የፎሌት ዓይነት ነው) እና በሌሎች ቢ ቫይታሚኖች እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ስለዚህ ከሱቅ የታሸገ ዱቄት ስትገዙ «የበለጸገ» የሚል ጽሑፍ እንዳለው ማሸጊያውን እዩ። እኛ ዳር አካባቢ ያለን ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ገዝተን ሰፈር ወፍጮ ቤት እናስፈጫለን። ያ ዱቄት ካልተነፋ ከነገለባው ስለሆነ ቢ1 እና ቢ6 አለው። ፎሊክ አሲድ ግን ማንም አልጨመረበትም። ለአብዛኛው ሰው ይህ ችግር አይደለም። መውለድ ለምታስብ ሴት ግን ልዩነት አለው፤ እመለስበታለሁ።

ከእንጀራው ጎን ደግሞ በተለይ በጾም ወቅት ከፍ ያለ ዋጋ የምሰጣቸው ሱፍ፣ ተልባና ለውዝ ናቸው። የሱፍ ፍትፍትና ተልባ በቢ1 ሀብታም ናቸው፤ ሱፍ ቢ6ም ፎሌትም አለው። ለውዝ ቢ3 ሞልቶታል። አንድ እፍኝ ለውዝ ከቆሎ ጋር ቀላቅላችሁ ቢሮ ይዛችሁ ብትሄዱ ከብስኩት በብዙ ይበልጣል። ሙዝ፣ ድንችና አቮካዶም ለቢ6 ደህና ናቸው። ቢ5 እና ቢ7 ከሞላ ጎደል በሁሉም ምግብ ውስጥ ስላሉ አልፋቸዋለሁ።

ወተቱ ፀሐይ ላይ ሲውል

ቢ2 ዋና ምንጩ ወተትና እንቁላል ነው። ጾም ሲረዝም የከንፈር ጠርዝ መሰንጠቅ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ የቢ2 ማነስ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በእኛ በኩል ከሰንዳፋ አቅጣጫ የሚመጣ ትኩስ ወተት እንደ ልብ ይገኛል። የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ በጠራ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ሻጯ ጠርሙሶቹን መንገድ ዳር ደርድራ ትቀመጣለች፤ እስከ ረፋድ ፀሐይ ያርፍባቸዋል። ቢ2 ሙቀት ይችላል፣ ብርሃን ግን አይችልም። በጠራ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት የቆየ ወተት ከቢ2ው ብዙውን ያጣል።

«እማማ፣ ጠርሙሱን ጨርቅ ቢያለብሱት?» አልኳቸው አንድ ጠዋት ለደንበኛዬ።

«ምን ይሆናል ልጄ፣ አሁን የታለበ ነው።»

ትኩስ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ነጠላቸውን ጣል አደረጉበት። እናንተ ከቻላችሁ ጠዋት በማለዳ ግዙ፤ ወይም የራሳችሁን ብርሃን የማያስገባ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ጥሬውን ግን አትጠጡ። ማፍላት ከቫይታሚኑ ጥቂት ይቀንሳል፤ በጥሬ ወተት የሚተላለፉት ብሩሴሎሲስ የተባለው የከብት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከሚያመጡት ጣጣ ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም ማለት አይደለም።

ፎሌት፦ ምግቡ አለ፣ አበሳሰሉ ይወስደዋል

አንድ አዋቂ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሌት ያስፈልገዋል፤ ነፍሰ ጡር 600፣ የምታጠባ 500። በዚህ ረገድ የጾም ማዕዳችን ጠንካራ ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 180 ማይክሮግራም ገደማ አለው። ሽምብራ ይጠጋዋል፣ 170 ገደማ። ባቄላ 100 ገደማ። የአተር ክክ ዝቅ ይላል፣ 65 አካባቢ። ስለዚህ ለፎሌት ብላችሁ ከምስር ወጥና ከክክ አልጫ ብትመርጡ ምስሩ ይበልጣል። አዚፋማ ብዙ ሳይንተከተክ የሚቀርብ ስለሆነ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሽሮ ጥሬው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ እንደገና ረጅም ጊዜ ስለሚንተከተክ ከፎሌቱ የተወሰነውን ያጣል። ያም ሆኖ በየቀኑ ስለምንበላው ድርሻው ትንሽ አይደለም።

ጎመን ላይ ግን እንነጋገር። ጎመን በፎሌት የታወቀ ነው። እኛ ቤት ግን እንዴት ነው የሚሠራው? ይከተፋል፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል፣ ከዚያ በእጅ ጥብቅ አድርጎ ይጨመቃል፣ አረንጓዴው ውሃ ወደ ማጠቢያው ይደፋል። ፎሌት በውሃ የሚሟሟ፣ ሙቀትም የማይወድ ቫይታሚን ነው። ያ የሚደፋው አረንጓዴ ውሃ ከፎሌቱ ብዙውን ይዞ ይሄዳል። ሌላ መንገድ አለ። ጎመኑን ሳይከተፍ ቅጠሉን እንዳለ እጠቡት፤ ከታጠበ በኋላ ክተፉት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ካቁላላችሁ በኋላ ጎመኑን ጨምራችሁ፣ ትንሽ ውሃ ብቻ ጠብ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ከድናችሁ በራሱ እርጥበት ይብሰል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። መረር የሚል ከመሰላችሁ ከጉሊት ስትገዙ ለጋውን ምረጡ። መቀቀል ግድ ከሆነም ውሃውን አትድፉት፤ ወጥ ወይም ሾርባ ውስጥ ግባ በሉት።

እንግዲህ ምግቡ ይህን ያህል ካለው ለምን ኪኒን አስፈለገ? መልሱ እርግዝና ነው። የጽንሱ አእምሮና ሕብለ ሰረሰር የሚወጣበት ቱቦ የሚዘጋው ከጽንሰት በኋላ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ በአከርካሪው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ ወይም የራስ ቅሉ ሳይገጥም ቀርቶ በሕይወት አይቆይም። አገራችን ይህ ችግር ከፍ ብሎ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። ነገሩ በጣም የሚያሳዝነኝ በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ስለሆነ ነው።

ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር ብረትና ፎሊክ አሲድ የያዘ ኪኒን በነፃ ይሰጣል። ጥሩ ነው፣ ውሰዱት፤ ብረቱም ለደም ማነስ ያስፈልጋል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ክትትል የምንጀምረው ሦስተኛና አራተኛ ወር ላይ ነው። ለቱቦው ያኔ ረፍዷል። ስለዚህ ማርገዝ የምትፈልግ፣ ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት አስቀድማ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ፣ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ ነው የሚመከረው። እዚህ ላይ «ከምግብ አገኘዋለሁ» በሚለው አልስማማም። ምግቡን ብሉ፣ ኪኒኑንም ጨምሩ። ፎሊክ አሲድ ከምግብ ፎሌት ይልቅ በተሻለ ወደ ሰውነት ይገባል፣ መጠኑም የታወቀ ነው።

ፋርማሲ ስትሄዱ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፦ 400 ማይክሮግራምና 5 ሚሊግራም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አሥራ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። እሱ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ጽንስ ለነበራት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ፣ ሐኪም ለይቶ ላዘዘላት ነው። «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ለራስ ማዘዝ ትክክል አይደለም። ሜቲል ፎሌት የሚባል ወደድ ያለ ዓይነትም ገበያ ላይ አለ። ለዚህ ዓላማ ውጤቱ በጥናት የተረጋገጠው ግን ተራው ፎሊክ አሲድ ነው። ልዩነቱን ለምስር አውሉት።

ቢ12፦ እዚህ ላይ መምረጥ ግድ ነው

ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው። ጤፍ የለውም፣ ምስር የለውም፣ ጎመን የለውም። «እርሾ ስላለበት እንጀራ ቢ12 አለው» የሚባለውን እየሰማሁ ነው፤ እምነት የሚጣልበት መጠን የለውም። ቅቤም የለውም ማለት ይቻላል። ሽሮው ላይ ቅቤ ስለጣላችሁ ቢ12 አገኘን አትበሉ።

የሚያስፈልገው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ነው፤ በጣም ጥቂት። ምግቦቹን እናወዳድር። መቶ ግራም የበሬ ወይም የበግ ሥጋ 2.5 ማይክሮግራም ገደማ አለው፤ ማለትም የአንድ ቀን ድርሻ። ግማሽ ሊትር ወተት ወደ 2 ማይክሮግራም ይሰጣል። አይብ፣ እርጎና አሬራም አላቸው። እንቁላል አንዱ ግማሽ ማይክሮግራም አለው፤ ከእሱም ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ነው። የዶሮ ሥጋ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው፣ በመቶ ግራም 0.3 ገደማ። መቶ ግራም የቆሮሶ ዓሣ ከአንድ ተኩል ማይክሮግራም በላይ አለው። ጉበት ደግሞ ከሁሉም የራቀ ነው፤ መቶ ግራሙ 70 ማይክሮግራም ገደማ።

ስለዚህ ዱለት ከሁሉም ይበልጣል? መጠኑን ብቻ ካያችሁ፣ አዎ። ሰውነት ግን እንደዚያ አይሠራም። ቢ12 ወደ ደም የሚገባው ሆድ በሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ተይዞ ነው። ይህ ፕሮቲን በአንድ ማዕድ ሁለት ማይክሮግራም ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከዚያ በላይ ካለው የሚገባው ከመቶ አንድ ያህሉ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም አመጋገባችንን በቀጥታ ይነካል። ለፋሲካ አንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ቁርጥ የበላ ሰውና በየቀኑ አንድ ኩባያ ወተት የሚጠጣ ሰው በወር መጨረሻ ቢነጻጸሩ የሚበልጠው ወተት ጠጪው ነው። ለቢ12 ደጋግሞ ትንሽ መብላት ነው የሚጠቅመው። በዓል ጠብቆ መጥገብ የዓመቱን አይሸፍንም። ጠዋት ወተት በሻይ፣ ከሰዓት እርጎ፣ ሳምንት ላይ ትንሽ ሥጋ፤ አቅምን ሳይጎዳ ይበቃል።

ጉበትን በተመለከተ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዱለት ጥሬ ወይም ለብለብ ሲሆን ጥገኛ ተሕዋስያን ያሰጋሉ፤ አብስሉት፣ ቢ12ው በአብዛኛው አለ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ቫይታሚን ኤው በጣም ስለሚበዛ ጉበት ባታዘወትር ይሻላል። ጉበት የራሱ ታሪክም አለው። ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪሞች በ1926 እ.ኤ.አ. ገዳይ የነበረ የደም ማነስ ሕመም የያዛቸውን ሰዎች በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ አዳኗቸው። ፈዋሹ ቢ12 መሆኑ የታወቀው ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጾም። «ሁዳዴ ሊመጣ ነው፣ ቢ12 እጀምር?» ለሚለኝ ጤነኛ ሰው መልሴ አያስፈልግህም ነው። ጉበቱ ውስጥ የዓመታት ስንቅ አለ። ሃምሳ አምስት ቀን አይጨርሰውም። ጥያቄው በፍስኩ ጊዜ ምን እንደሚበላ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ አጽዋማቱን ሁሉ ቆጥሮ የሚጾም ሰው በዓመት 180 ቀን ገደማ ከእንስሳት ምግብ ይርቃል። በቀሪው ጊዜ ወተትና ሥጋ የሚያገኝ ከሆነ ችግር የለበትም። በፍስኩም ኑሮ ተወዶበት ሽሮና ድንች ላይ የሚውል ከሆነ ግን ስንቁ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። ይህ በእኛ ሰፈሮች ብርቅ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያ የምመክረው የፍስክ ቀኑ ላይ ወተት ማስገባትን ነው። ካልተቻለ የቢ12 ኪኒን ይውሰድ። ዓሣን በጾም መብላት እንደየቤቱና እንደየንስሐ አባቱ ምክር ስለሚለያይ እዚያ ውስጥ አልገባም።

የምታጠቡ እናቶች ግን ተለይታችሁ ስሙኝ። እናት ቢ12 ሲያንሳት ወተቷም ያንሰዋል፤ የሕፃኑ አእምሮና ነርቭ ይጎዳል። ነፍሰ ጡርና አራስ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ቢመገቡ ደስ ይለኛል። አይ እጾማለሁ የምትል ደግሞ ኪኒኑን አትተው።

ምግብ ብቻውን የማይበቃቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ። ዕድሜ ሲገፋ የሆድ አሲድ ስለሚቀንስ ቢ12 ከሥጋው ተላቆ አይወጣም። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ውስጥ ቢ12 ቀስ በቀስ ይወርዳል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለዓመታት የወሰዱም እንዲሁ። የስኳር ሕመምተኛ እግሬን ደነዘዘኝ፣ እንደ ጉንዳን ወረረኝ ሲል «ስኳሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቢ12 ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ሐኪማችሁን ቢ12 እንዲለካላችሁ ጠይቁ።

ኪኒን ወይስ መርፌ?

«መርፌ ይሻላል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። አንድ ሺህ ማይክሮግራም ያለው ኪኒን ስትውጡ፣ ከላይ ያልኩት ፕሮቲን ባይሠራ እንኳ፣ ከመቶ አንድ ማለት 10 ማይክሮግራም ያህል ይገባል። የቀን ፍላጎታችሁ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሰው በየቀኑ የሚወሰድ ከፍተኛ መጠን ያለው ኪኒን ይበቃዋል። መርፌ የሚቀድመው የነርቭ ምልክት ለጀመረው፣ የደም ማነሱ ለበረታ፣ ወይም ሆዱን ወይም አንጀቱን በቀዶ ጥገና ላስወገደ ሰው ነው። እግር መደንዘዝ፣ ሚዛን ማጣት፣ መርሳት ካለ ጊዜ አይሰጥም፤ የተጎዳ ነርቭ ከቆየ ላይመለስ ይችላል።

ከኪኒኖቹ መካከል ሳያኖኮባላሚን ርካሹ ነው። ሜቲልኮባላሚን በውድ ይሸጣል። ለአብዛኛው ሰው ርካሹ ሥራውን ይሠራል፣ ሲቀመጥም ቶሎ አይበላሽም። ያን ግዙ።

ርካሹ ቢ ኮምፕሌክስስ? ዕቃውን ገልብጣችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ውስጥ ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 እና ቢ6 ብቻ ነው ያለው፤ ቢ12ም ፎሊክ አሲድም የለም። ከእንጀራችሁና ከወጣችሁ የምታገኙትን እንደገና መግዛት ነው። ለልጆች «የምግብ ፍላጎት ይከፍታል» ተብሎ የሚሸጠው የቢ ኮምፕሌክስ ሲረፕም ጉድለት የሌለበትን ልጅ አያስበላም። ልጁ ክብደቱ ካልጨመረ ጤና ጣቢያ ይመዘን።

የሚጎዱት የትኞቹ ናቸው?

ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ትልቅ ብልቃጥ አይጠፋም። «ቢ-100» የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ቢ6ው 100 ሚሊግራም ነው። በአሜሪካ ለአዋቂ የቀን ጣሪያው ይኸው 100 ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ በ2023 ጣሪያውን ወደ 12 ሚሊግራም አወረደው። ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ይደነዝዛል። ሰውየው ለመደንዘዙ ብሎ የነርቭ ቫይታሚን ይጨምራል፣ መደንዘዙ ይብስበታል። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 በአንድ የያዙት «የነርቭ» ኪኒኖችም ቢ6 በብዛት ስላላቸው ያለ ሐኪም ወራት ሙሉ አይወሰዱም። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ግን ቢ6 የሚታዘዝለት በምክንያት ነው፤ መድኃኒቱ ቢ6ን ስለሚያሟጥጥ። እሱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ለፀጉር ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጠው ባዮቲንም አለ። የቀን ፍላጎት 30 ማይክሮግራም ሆኖ ሳለ 5,000 እና 10,000 ያለው ነው የሚሸጠው። ጉድለት ለሌለበት ሰው ፀጉር ማሳደጉን የሚያሳምን ማስረጃ የለም። የባሰው የላቦራቶሪ ውጤት ማዛባቱ ነው። የታይሮይድ ምርመራን፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚለይበትን የትሮፖኒን ምርመራም ጭምር ሐሰተኛ ሊያደርግ ይችላል። ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ባዮቲን እንደምትወስዱ ለላቦራቶሪው ንገሩ።

ፎሊክ አሲድ ላይም አንድ ነገር አለ። ቢ12 የጎደለው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ በብዛት ቢወስድ ደሙ ይስተካከላል፤ ነርቩ ግን ከውስጥ መጎዳቱን ይቀጥላል። ለደም ማነስ 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ከመጀመራችሁ በፊት፣ በተለይ ዕድሜያችሁ የገፋና ረጅም ጾም የምትጾሙ፣ ቢ12 ተለኩ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ቢ12 ይለካልኝ ማለት በየጤና ጣቢያው ላይሳካ ይችላል። ሙሉ የደም ቆጠራ ግን በቀላሉ ይሠራል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ከመጠን በላይ ተልቀው ከታዩ ሐኪሙ ወደ ቢ12 ወይም ፎሌት ይጠረጥራል። ቢ12ውን አቅም ካላችሁ በግል ላቦራቶሪ ማሠራት ትችላላችሁ። ታዲያ ኪኒኑን ከምርመራው በፊት አትጀምሩ። ጥቂት ቀን ብቻ ወስዳችሁም ቢሆን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታይና የቆየው ጉድለት ይሸፈናል። ደሙን ስጡ፣ ከዚያ ጀምሩ።

ስትገዙ ከፋርማሲ ግዙ፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከማታውቁት የቴሌግራም ቻናል አይሁን። የሚያበቃበትን ቀን፣ የእያንዳንዱን ቫይታሚን መጠንና ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን እዩ። ሚሊግራምና ማይክሮግራም አታምታቱ፤ አንድ ሚሊግራም አንድ ሺህ ማይክሮግራም ነው። ቤት ስትገቡ ደግሞ ብልቃጡን መስኮት ላይ ወይም ከምድጃው አጠገብ አታስቀምጡ፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ልጅ የማይደርስበት ቁም ሣጥን ይበቃዋል።